ወንዙ የዞረበት ቤት

ልጅቷ ገመድ ባትይዝ ኖሮ ልብ የሚላት አልነበረም። ባርኔጣ ያደረገች፣ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ፣ ሻንጣ በጀርባዋ ያዘለች ወጣት ለጌጃ ሰፈር ብርቅ አይደለችም። ገመድ ግን ሌላ ነው። ከችካል ጋር ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። በታኅሣሥ ብርድ፣ ገና በማለዳው፣ ከወንዙ በኩል ብቅ ብላ አንዲት ችካል መሬት ላይ ቸክላ ገመዷን መሳብ ስትጀምር፣ በየደጁ ጥርሱን ይፍቅ የነበረ ሁሉ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«መጡ» አለ ሙለታ ከሱቁ መስኮት።

እነማን እንደመጡ የጠየቀው የለም።

በሰፈሩ ማንም ያላወጀው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ደንብ አለ፤ ቀያሽ አይጠየቅም። የጠየቀ ስሙን ይጠየቃል፤ ስሙን የሰጠ ይታወቃል፤ የታወቀ ቀድሞ ከቤቱ ይነሳል። ስለዚህ ልጅቷን «ምን እየሠራሽ ነው?» ያላት አንድም ሰው አልተገኘም። ይልቅ አንዱ በርጩማ አወጣላት፤ አንዷ በጆግ ውሃ አመጣችላት። ልጅቷ ውሃውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ስትል የፈራው ሁሉ የባሰ ፈራ።

«ትሕትናዋን አያችሁልኝ?» አለ ሙለታ። «ለትንሽ ነገር የተላከ ሰው እንዲህ አይሽቆጠቆጥም።»

በሱፍቃድ ይህን ሁሉ ያየው ደጁ ላይ ቆሞ ነው። ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር፣ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ስድሳን ዘለል አድርጓል። ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ ለምን እንዳላገባ ለሚጠይቀው «ሳይመቸኝ ቀርቶ» ይላል። የሚኖርባት የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ናት። ሦስቱ ግድግዳዎቿ የእሱ ናቸው። አራተኛው የጋራ ነው፤ ከወዲህ የበሱፍቃድ፣ ከወዲያ የወይዘሮ ኡሙልኸይር።

ኡሙልኸይር ቅመም ለቅማ፣ አበጥራ፣ ፈጭታ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ሰሚራ አግብታ ጀሞ ትኖራለች። የጋራው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። በሱፍቃድ ሲያስነጥስ ከማዶ «ይማርህ» ይባላል። ኡሙልኸይር ኮረሪማ ስትወቅጥ የእሱ ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። አመሻሽ ላይ እሱ አልጋው ላይ ጋደም፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሳይተያዩ የዋሉበትን ያወራሉ። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። አምቶት ግን አያውቅም። ግድግዳ መሃል ካለ ምን ይታማል።

ልጅቷ ገመዷን ከጨረሰች በኋላ ድንጋይ ማመላለስ ጀመረች። ከወንዙ ውስጥ ነጫጭና ለስላሳ የሆነውን እየመረጠች፣ በጆንያ እየተሸከመች፣ ገመዱን ተከትላ ትደረድራለች። በድንጋዮቹ መካከል ቀይ አፈር ትበትናለች። በአፈሩ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእሾህ እያያዘች ታቆማለች፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀርባውን ይሰጥና መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል።

«ድሮ በቀለም ነበር እኮ ምልክት የሚያደርጉት» አለች አንዷ።

«ተሻሽሏል» አለ ሙለታ። «ቀለም አካባቢ ይበክላል ተባለ።»

ሙለታ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ስላለው የሚናገረው ይታመናል። ትርጉሙንም የሰጠው እሱ ነው። ከመስመሩ በታች፣ ወደ ወንዙ ያለው ይነሳል፤ ለሚነሳው ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። ከመስመሩ በላይ ያለው ይቀራል፤ ለሚቀረው አቧራ ይሰጠዋል። ይህ ከተነገረ በኋላ ከመስመሩ በታች ያሉት ጣሪያቸውን መጠገን ተዉ። ከመስመሩ በላይ ያሉት በተስፋ መቁረጥ መጠገን ጀመሩ። ሙለታ ራሱ ከታች ስለነበር ከሱቁ ጀርባ በቆርቆሮ አንዲት ጓዳ በጥድፊያ አቆመ፤ «ሲቆጠር ሁለት ቤት እንዲባል» ነው።

መስመሩ በሙለታ ሱቅ ራስጌ አልፎ፣ በቦኖው ግርጌ ታጥፎ፣ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ወጣና በበሱፍቃድ በርና በኡሙልኸይር በር መካከል ገባ። የበሱፍቃድ በር ከታች ሆነ። የኡሙልኸይር ከላይ።

አመሻሽ ላይ ግድግዳው ተናገረ።

«በሱፍ።»

«አቤት።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ለምኑ?»

«ለምኑ ይለኛል ደግሞ! ሽንት ቤት እቤትህ ውስጥ። ውሃ ከግድግዳ ላይ። ገላህን ቆመህ ልትታጠብ ነው፣ እንደ ሆቴል። እኔ እዚሁ ልቅር።»

የሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤት ቁልቁለቱ ላይ ነው። የኡሙልኸይር ጉልበት ከአምና ጀምሮ ቁልቁለት አይወድም። በሱፍቃድ ይህን ያውቃል፤ በየጠዋቱ «ያ አላህ» እያለች ስትወርድ አንድ በአንድ ይሰማታል።

«ያቺ ልጅ አንድ ክንድ ብትጨምር ምን ነበረበት?» አለች ኡሙልኸይር። «አንድ ክንድ! ከእሷ ምን ይጎድላል?»

«ጉልበትሽን አላየችው ይሆናል።»

«ሄደህ ንገራታ።»

«ቀያሽ ይጠየቃል እንዴ?»

«እሱስ ነው» አለች።

በሱፍቃድ ጣሪያውን ያያል።

«ይሄ ግድግዳስ?» አለ። «የእኔ ሲፈርስ ያንቺ አብሮ ሊፈርስ አይደለም?»

«የሰሚራ ባል ቆርቆሮ ይመታልኛል።»

ቆርቆሮ። በሱፍቃድ ዕድሜውን ሙሉ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል፤ ቆርቆሮ ላይ ክፉ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቃሉ ከጆሮው አልወጣ አለ። ኮንዶሚኒየም እንደሆነ የሚደርሰው የት እንደሆነ እንጃ፤ ፎቁ ላይ ከየት የመጣ ሰው ጎረቤት እንደሚሆነው እንጃ። ይማርህ የሚለው አይኖርም። ስለዚህ መስመሩ ወይ እሱን ወደ ላይ መተው፣ ወይ እሷን ወደ ታች መጨመር አለበት። እሱን ቢተው እሷ በቁልቁለቱ «ያ አላህ» እንዳለች ትቀራለች። እሷን ቢጨምር ግን ሁለቱም ይነሳሉ፤ አብሮ የተነሳ ደግሞ አብሮ ይሰጠዋል ብሏል ሙለታ። በሱፍቃድ ነገሩን ከዚህ በላይ አላሰበበትም። ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ የማይገባ ቁልፍ ትንሽ ሲነካ እንደሚገባ ያውቃል።

ችግሩ ሰው ነበር። መንገዱ ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ።

መንገዱን ባዶ ያደረጉለት አቶ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። አቶ ገብረጊዮርጊስ ከመስመሩ በታች ከሚኖሩት መካከል ትልቁ ሲሆኑ፣ ኮንዶሚኒየሙን ሳይጠብቁ ቀድመው ተነሱ። ቀብራቸው ልደታ ማርያም ሆነ። በሰፈሩ ቀብር የሚቀር የለም፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ወፍጮ ይቆማል፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም አስከሬኑን ተከትሎ ይወጣል። በሱፍቃድም ጋቢውን ደርቦ ከሕዝቡ ጋር ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ኪሱን ዳበሰ፤ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ፊቱን አኮሳተረና ተመለሰ።

ጋቢውን አውልቆ ደጁ ላይ ጣለ። ድንጋዮቹ ከሚመስሉት በላይ ይከብዳሉ። ከሁለቱ በሮች መካከል እያነሳ፣ ሽቅብ እየወሰደ፣ በኡሙልኸይር ቤት ራስጌ አዙሮ በጀርባዋ በኩል መልሶ አወረዳቸው። አፈሩን በአካፋ አዛወረ። ቅጠሉ አስቸገረው። እሾሁን በጥርሱ እየያዘ አንድ በአንድ ሲያቆም ከንፈሩን ወጋው። ሲጨርስ መስመሩ የኡሙልኸይርን ቤት እንደ ክንድ አቅፎ ነበር። እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ሕዝቡ ሲመለስ ከኋላ ተቀላቀለ። ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ እሱም ደግሞ ታጠበ።

ማግስቱን ሙለታ መስመሩን አየ። «ማስተካከያ ተደርጓል» አለ። «እኔ ቀድሜም ሰምቼ ነበር።» ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ኡሙልኸይር ግን አላለቀላትም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጀመረች፤ ጀምራም አላቆመች። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ሰሚራ በስልክ ሰማች፤ ሰምታም አለቀሰች። የእናቷ ጉልበት ከታመመ ጀምሮ ጀሞ እንድትገባ ስትለምን፣ «እኛ ጋ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም» ስትል፣ ኡሙልኸይር «ሰፈሬን ለቅቄ? እንደ ሌባ?» እያለች ስትመልሳት ነው የኖረችው። አሁን ግን ሰፈሩ ራሱ ሊነሳ ነው። «እንግዲያው የራስሽ ቤት እስኪሰጥሽ እኛ ጋ ቆዪ፤ እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለች ሰሚራ። ኡሙልኸይር ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አላለችም።

ዕቃ ማሰር ያዘች። የማያስፈልገውን ማደል ያዘች። ረቡዕ ዕለት ያ ሲንቋቋ በሱፍቃድ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው ትልቁ የብረት አልጋዋ በሁለት ጎረምሳ ተይዞ ለጎረቤት ሄደ። አመሻሽ ላይ ድምፅዋ ከወለሉ መጣ።

«በሱፍ።»

«አቤት።»

«ጎን ለጎን አድርጉን እንበላቸው። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ግን ብሎኬት ነው አሉ። ይሰማ ይሆን?»

«ሰሚራ ጋ ይሰማል?»

«እሷማ የጎረቤቶቿን ጠብ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች።»

«እንግዲያው ይሰማል» አለ በሱፍቃድ። ያን ምሽት ደህና ተኛ።

ሐሙስ ልጅቷ ራሷ ከበሱፍቃድ ሱቅ ደጅ ቆመች። እጇ እስከ ክንዷ በቀይ አፈር ተለውሷል። ሃኒ እባላለሁ አለችው፤ ሳይጠይቃት።

«ጋሼ፣ ይቺን ቁልፍ አንድ ኮፒ ያወጡልኛል?»

በሱፍቃድ ቁልፉን ተቀብሎ ማሽኑ ላይ አሰረ። ማሽኑ ሲጮህ አይወራም፤ ደግ ሆነለት። ሲጠፋ ግን ልጅቷ ወሬዋን ይዛ ትጠብቀው ነበር።

«ሰፈራችሁ እንዴት ጥሩ ነው! ሌላ ቦታ ስሠራ በማግስቱ ተበትኖ ነው የማገኘው። እዚህ አንድ ሰው አልረገጠውም። አሮጊቶች እንኳ ዘለው ነው የሚያልፉት።»

«ማን ደፍሮ ይረግጠዋል።»

«ቅዳሜ የሚያዩት ሰዎች ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነፋስም ይውሰደው፣ ዝናብም ይጠበው። እንዲቆይ አይደለም የተሠራው።»

በሱፍቃድ ደንቡን ያፈረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ሥዕል ነዋ።»

«በድንጋይ?»

«በድንጋይ፣ በአፈር፣ በቅጠል። እዚያው በተገኘው ብቻ ነው የምሠራው። ወንዙ ድሮ ክረምት ሲሞላ የሚደርስበትን ቦታ ነው የሣልኩት። አንዲት አሮጊት በከዘራቸው አሳዩኝ።»

«ከላይ አይደለም የመጣሽው?»

«ከጦር ኃይሎች ነው የመጣሁት» አለች ሃኒ፤ እዚያ ነው ቤቷ። «አንድ የገረመኝ ነገር ግን አለ ጋሼ። ላይኛው በኩል፣ ከአንዲት እናት ቤት ጋ፣ እኔ ቀጥ አድርጌ የሠራሁትን ሰው አዙሮታል። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ልመልሰው ብዬ አንድ ድንጋይ አንስቼ ነበር። ከዚያ ራቅ ብዬ ሳየው ተውኩት። ከሥራዬ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። እኔ አስቤ እንደዚያ አላዞረውም።»

በሱፍቃድ አዲሱን ቁልፍ በሞረድ ሞረደው። መሞረድ የሚያስፈልገው ቁልፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሱፍቃድ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ግድግዳው ጋ ሄዶ «ኡሙ፣ ውሸት ነው» ማለት። ሐሙስ ማታ አፉን ሲከፍት ኡሙልኸይር ከሰሚራ ጋር በስልክ ስለ መጋረጃ እየተነጋገረች ነበር። ዓርብ አፉን ሲከፍት እያንጎራጎረች ነበር። የምታንጎራጉር ሴት አይቋረጥም አለ ለራሱ። ይህንንም ደንብ ማንም አላወጀውም፤ እሱ ያን ምሽት አወጣው።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሻርፕ በአንገታቸው የጠመጠሙ፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ። ሰፈሩ ቤት የሚያስነሳው ኮሚቴ መጣ ብሎ ወጣ። ወንዱ ኮት ለብሷል፤ ሴቱ ነጠላ አጣፍቷል። ሙለታ አግዳሚ ወንበር አወጣ፣ ለስላሳ ከፈተ፣ አዲሷን ጓዳ እንዲያዩለት ሁለት ጊዜ በፊት ለፊቷ አሳለፋቸው። እንግዶቹ ጓዳዋን ከልብ አደነቁ።

መስመሩን ተከትለው ሽቅብ ሲወጡ ኡሙልኸይር የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። በሱፍቃድ ሊደርስባት ሕዝቡን እየገፋ ነው። አልደረሰም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች፣ መነጽር የሰቀሉትን ሰውዬ እያየች። «እኔ ቅሬታ የለኝም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ምድር ቤት ስጡኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ አይችልም። ጎረቤቴ ደግሞ ያውና፣ እየተጋፋ የሚመጣው፤ ከጎኔ አድርጉልኝ። እስከዛሬ ግድግዳችን አንድ ነው፤ አንድ ሆኖ ይቀጥል። ብሎኬት ከሆነም ስስ ብሎኬት ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። «እሳቸውም የሥራው አካል ናቸው?» አለ አንዱ ወደ ሃኒ ጠጋ ብሎ። የሃኒ ፊት ቀላ፤ ሰፈሩ መስመሩን ምን ነው ብሎ እንዳመነ የገባት መሰለ።

«ኡሙ» አለ በሱፍቃድ። ደርሶ ነበር። «ሥዕል ነው።»

«የምን ሥዕል?»

«መስመሩ። ወንዙ ድሮ የሚደርስበት ሥዕል ነው። ማንም አይነሳም።»

ቅጠሎቹ በነፋሱ ጀርባቸውን ሰጡ።

«ሥዕል ማለት...» አለ ሙለታ፣ «ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው?» ከዚያ ወደ ሃኒ ዞረ። «ለመሆኑ ማን ፈቀደልሽ አንቺ?»

«ማንም አልጠየቀኝም ጋሼ» አለች ሃኒ።

እውነቷን ነው። ሰፈሩ እርስ በርሱ ተያየ።

«እና ጓዳዬ?» አለ ሙለታ።

ሳቁ ከዚያ ተነሳ። መጀመሪያ የተሳቀው በሙለታ ነው፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቅ ግን አንድ ሰው አይበቃውም። «እትዬ ኡሙ ደግሞ አልጋቸውን ሰጥተው ወለል ላይ!» አለ አንዱ። «ስስ ብሎኬት!» አለ ሌላው። ኡሙልኸይር የዒድ ቀሚሷን እጅጌ አስተካከለች።

መነጽር የሰቀሉት ሰውዬ ይህ ሁሉ አልገባቸውም፤ ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ ነው። «እኔን የደነቀኝ» አሉ፣ «እዚህ ጋ ነው። ወንዙ እስከዚህ ቀጥ ብሎ መጥቶ ይህን ቤት ለምን አቀፈው?»

«እሱን እኔ አላዞርኩትም» አለች ሃኒ።

ሰው ሁሉ ማን ይሆን ብሎ ተያየ። ሙለታ አፉን ከፈተ፤ የሙለታ ዓይን ወደ በሱፍቃድ ከንፈር፣ እሾህ ወደወጋው ቦታ ሄደ። በሱፍቃድ መሬት አየ።

«ጉልበቴን አይቶ ነው» አለች ኡሙልኸይር።

ሰውዬው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ትልቅ ነገር የሰሙ ይመስሉ ነበር። ኡሙልኸይር ገብታ በሯን ዘጋች።

አመሻሽ ላይ ግድግዳው ዘግየት ብሎ ተናገረ።

«በሱፍ።»

«አቤት።»

«የገብረጊዮርጊስን ቀብር ቀርተሃል።»

በሱፍቃድ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። ሰፈሩን ሁሉ ቆጥሮ ነበር ያን ቀን፤ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደሚመለስ። ጉልበቷን የሚያማት ሰው ልደታ ማርያም ድረስ እንደማይሄድ ግን አልቆጠረም።

«አየሽኝ?»

«ጋቢህን ስትጥል ጀምሮ።»

«ዝም አልሽ።»

«ምን ልበል? ወገብህን እንዳያምህ ፈርቼ ነበር። ወጥቼ ላግዝህ ስል ደግሞ ሰው ቢያየንስ አልኩ።»

«ሥዕል መሆኑን ያወቅኩት ሐሙስ ነው» አለ በሱፍቃድ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«ነው።»

«ሐሙስ ብትነግረኝ አልጋዬን አልሰጥም ነበር።»

«አልጋውን የሰጠሽው ረቡዕ ነው።»

«እሱስ ነው» አለች ኡሙልኸይር። «ንግግሩን ግን አልናገርም ነበር።»

«እንግዲህ ዕቃሽን ፍቺው» አለ።

«ሰሚራ ነገ መኪና ይዛ ትመጣለች።»

«መስመሩ ውሸት ነው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«መስመሩ ውሸት ነው። ጉልበቴ እውነት ነው።» ድምፅዋ ቅሬታ አልነበረበትም፤ ቅመም የምታበጥር ያህል ነው የተናገረችው። «ስንት ጊዜ ስትለምነኝ እንቢ ብያታለሁ። ሰው ዕቃውን አስሮ ሲያየው ደግሞ ቤቱ ያስጠላዋል፤ ለካ። ተነሺ ያልከኝ አንተ ነህ በሱፍ። ተነሳሁ።»

እሑድ ሰሚራ በጭነት መኪና መጣች። ሰፈሩ ትናንት የሳቀውን ሊያካክስ ተረባርቦ ጫነ። በሱፍቃድ ሙቀጫውን ተሸከመ፤ ለሌላ ሰው አልሰጠም።

«ጋሽ በሱፍቃድ» አለች ሰሚራ፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ። «እኔ ስለምናት ኖሬ ያልሰማችኝን! ምን ብለው አሳመኑልኝ?»

«ምንም አላልኳትም» አለ በሱፍቃድ።

ኡሙልኸይር ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። መስኮቱን አውርዳ፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ ለልጇ ነው የምትናገረው፤ ድምፅዋ ግን ለግድግዳ የተለካው ድምፅዋ ነበር።

«ሰሚራ፣ ያ የናንተ ዘበኛ ቁልፍ ጠፍቶበት መከራውን አየ አላልሽኝም?»

«አዎ እማ። ቁልፍ ቀራጭ ፍለጋ ስንት ቦታ ዞሮ።»

«እዚያ አካባቢ ቁልፍ የሚቀርጽ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«ይገርማል» አለች ኡሙልኸይር። መኪናው ተነሳ።

ድንጋዮቹ ሳምንት አልቆዩም። ነፋስም ዝናብም አልወሰዳቸውም፤ ሰፈሩ ወሰዳቸው። ለስላሳና ከባድ ስለሆኑ ለቆርቆሮ ጣሪያ መጫኛ ተስማሙ። ሃኒ ልታያቸው ስትመጣ በየጣሪያው ላይ ነጭ ነጭ ብለው አገኘቻቸው። በሙለታ ጓዳ ላይ አራቱ ነበሩ። ፎቶ አነሳቻቸው፤ ማንም ለምን አላላትም።

በኡሙልኸይር ቤት የወንድሟ ልጅ ከሊፋ ገባ። ከሊፋ ጨዋ ልጅ ነው፤ ኳስ ሲኖር ብቻ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ኳስ ግን ሁልጊዜ አለ።

አንድ አመሻሽ በሱፍቃድ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ላይ ጋደም አለ።

«ኡሙ» አለ፤ አፉ ለምዶበት።

ከማዶ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ።

«አቤት ጋሼ?» አለ ከሊፋ።

በሱፍቃድ ጣሪያውን አየ።

«ምንም።»

ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ጎል ገባ፤ ከሊፋ ጮኸ። በሱፍቃድ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ።

«ከሊፋ።»

«አቤት ጋሼ።»

«የጀሞ ታክሲ ከየት ነው የሚነሳው?»

«ከሜክሲኮ ነው። ጠዋት ግን ሰልፉ አይጣል ነው።»

«ሰልፍ ምንም አይደል» አለ በሱፍቃድ።